የበረንዳው ጣውላ ሲነሣ

«ውሻ እንኳ እንዲህ አይደረግም» አለች ኢናቭ በዕብራይስጥ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ሰክታ። «እናቴን በረንዳ ላይ ያሳድራት ነበር ነው የምልህ። ወለሉንም የሠራው እሱ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ብሎን ለምን ይመስልሃል? እስር ቤት የሚሠራ ሰው እኮ ይጠነቀቃል።» ድንቄ ኩሽና ውስጥ ሆና የቧንቧውን ውኃ የዘጋችው በዚያችው ቅጽበት ነበር። ባትዘጋው ኖሮ ውኃው እየጮኸ፣ እሷም ቲማቲሟን እያጠበች፣ ኪሎው አሥራ ሁለት ሼቄል የገባበትን ዘመን እየረገመች በሰላም ትውል ነበር። ልጆች ደግሞ እናታቸው ዕብራይስጥ የማትሰማ ይመስላቸዋል። ስትናገረው ስለሚሰባበርባት ስትሰማውም የሚሰባበርባት ይመስላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአዛውንት መጦሪያ ስትወለውል፣ አልጋ ስታነጥፍ፣ ሊሞቱ የደረሱ ሰዎች ሌሊቱን ሲለፈልፉ ስትሰማ የኖረች ሴት ምን የቀራት ዕብራይስጥ አለ? እያንዳንዷን ቃል ሰማች። ቲማቲሙን ሳህን ላይ አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ እዚያው ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ባሏ ክንፉ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት ኢናቭ አንድ ቀን እንኳ ለአዝካራው፣ ለሙት ዓመቱ መታሰቢያ፣ መቃብሩ ላይ ቆማ አታውቅም። አንድ ዓመት ልጇን አተኮሰው፣ አንድ ዓመት የምታስተምርበት የሕፃናት መዋያ ስብሰባ ጠራ፣ አንድ ዓመት መኪናው መንገድ ላይ ቆመ። ድንቄም ዘመድ በጠየቃት ቁጥር «ሥራ ይዟት ነው፤ የዚህ አገር ሥራ መች ሰው ይለቃል» እያለች ስትሸፍንላት ኖራለች፤ ምክንያቱ ግን ለራሷም አልተዋጠላትም ነበር። ለካ ነገሩ ወዲህ ነው። ልጅቱ አባቷን በልቧ ከስሳ፣ ፈርዳ ጨርሳለች። የሚመጣው ማክሰኞ ደግሞ አዝካራው ነው። «ሙት ወቃሽ» አለች ድንቄ በሆዷ፤ ወዲያው ግን ቃሉ ለራሷም መረራት። ሙት ወቃሽ የሚባለው እውነቱን እያወቀ የሚወቅስ ነው። ይህች ልጅ ምን አውቃ? ማን ነግሯት?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎንደር ውስጥ ድንቄ በተወለደችበት የአይሁድ መንደር ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከቤቷ ወጥታ ከመንደሩ ዳር ካለች ጎጆ ትገባለች፤ የመርገም ጎጆ ይሏታል። ሰባት ቀን እዚያ ትቀመጣለች። ምግቧን የሚያመጣላት ሰው ሳይነካት ጎጆዋን ከከበበው የድንጋይ ክብ አጠገብ አስቀምጦላት ይመለሳል፤ ሰባቱ ቀን ሲሞላ ወንዝ ወርዳ ጠልቃ፣ ልብሷን አጥባ፣ ፀሐይ ስትገባ ወደ ልጆቿ ትመለሳለች። ስድብ አልነበረም፤ ሕግ ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ ዕረፍትም ነበር፤ ማገዶ ልቀሚ፣ ውኃ ቅጂ የሚል የለም። እዚህ አገር ሲመጡ ግን ጎጆ የለም፤ ያለው ሦስተኛ ፎቅ ነው። መጀመሪያ ያረፉበት መጠለያ ውስጥ አንድ ረቢ «አያስፈልግም፤ የዚህ አገር ሥርዓት ሌላ ነው» አላቸው፣ ብዙዎቹ ሴቶችም እፎይ ብለው ተዉት። ድንቄ አልተወችም። በረንዳውን ጎጆ አደረገችው። ማንም አላዘዛትም፤ ክንፉማ ጭራሽ። ኢናቭ የማታውቀው ይህንን ነው። እናት ከልጇ ጋር የደም ነገር አታወራም፣ ነውር ነው፤ ሆድ ይፍጀው ተባለና ይኸው ሆድ ሲፈጀው ኖረ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ የሕንፃው ነዋሪዎች ተሰብስበው ለየቤቱ ማማድ፣ ያ ሮኬት ሲመጣ የሚገቡበት የኮንክሪት ክፍል፣ እንዲሠራ ተስማምተዋል፤ የድንቄ ማማድ የሚቆመው በረንዳው ባለበት ቦታ ነው። ሥራ ተቋራጩ እሑድ ጠዋት ይጀምራል። የበረንዳውን ጣውላ እኔ እንዳነሣልሽ ከፈለግሽ ስምንት መቶ ሼቄል ብሏት ነበር፤ «በስምንት መቶ ሼቄልማ በጥርሴ እነቅለዋለሁ» ብላ አሰናበተችው። ስለዚህ ኢናቭ ልጆቿን ለባሏ ለኢታማር ትታ፣ የእሱን ማቭሬጋ፣ ያንን በባትሪ የሚዞር የብሎን መፍቻ፣ በቦርሳ ይዛ ከምትኖርበት ከክርያት ቢያሊክ በማለዳ መጣች። ሻባት፣ ሰንበቱ፣ ከመግባቱ በፊት መጨረስ አለባቸው። በሩን ስትከፍት ደስ ብሏት ነበር፤ እናቷን ሳመች፣ የደም ግፊት ክኒኗን ቆጥራ በየቀኑ ሣጥን ከፈለችላት፣ ስለ ልጆቿ አወራቻት። በረንዳው ላይ ስትንበረከክ ነው ፊቷ የተለወጠው።

ወለሉን እንዲህ ነው የሠራው። ክንፉ ወደብ ይሠራ ነበር፤ ከመርከብ የወረደ ዕቃ ከሣጥኑ ሲፈታ ጣውላውን ይጥሉታል፣ እሱ ለምኖ፣ ሾፌሩ እየተቆጣው፣ በአውቶቡስ ተሸክሞ ወደ ሰፈራቸው ወደ ነቬ ዳቪድ ያመጣዋል። ከጣውላዎቹ በአንዳንዶቹ ላይ እስካሁን ማንም ያላነበበው የባዕድ ጽሕፈት አለ። የክረምቱ ዝናብ ሥር ለሥር እንዲያልፍ ወፈር ያለ እንጨት አጋድሞ፣ በላዩ ጣውላውን ደርድሮ፣ በብሎን ያዘው። መጀመሪያ የያዘው በልክ ነበር። ድንቄ ግን አንድ ጠዋት «ሲንቋቋ ነው ያደረ፤ በተገላበጥሁ ቁጥር ሕንፃው ሁሉ ይሰማኛል» ብትል ሰውዬው ብሎኑን እንደ ሽምብራ በተነው። በየወሩ «አሁንስ?» ይላታል፤ «እዚህ ጋ ትንሽ ሲጥ ይላል» ትለዋለች፤ ይጨምራል። በላዩ ደግሞ ወፍራም የመርከብ ቀለም፣ ግራጫ፣ ደርቦ ቀባው። አሁን የባሕሩ ጨው አዝጎት፣ ቀለሙም የብሎኑን ራስ ደፍኖት፣ ብሎኑና ጣውላው አንድ ሆነዋል። ኢናቭ ማቭሬጋውን ስትጭነው ጫፉ ይንሸራተታል፣ ይጮኻል፣ የብሎኑን ጥርስ ይበላዋል፤ ጥርሱ አንዴ ከተበላ ማን ይይዘዋል። ኢታማር ጋ የደወለችው ምን ላድርግ ልትለው ነበር፤ ከብሎን ተነሥተው ነው አባቷ ላይ የደረሱት።

ድንቄ ወደ በረንዳው ስትወጣ ስልኩ ተዘግቷል። ኢናቭ ፀጉሯን ጠቅልላ አስራ፣ ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል፤ የነሐሴ ወበቅ ከባሕሩ እየተነሣ ሰውን ይቀቅላል። «ምን አለሽ ኢታማር?» አለቻት፤ ሌላ ምን ትበል። ኢታማር ያላት ይህን ነው፤ በብሎኑ ራስ ውስጥ የደረቀውን ቀለም መጀመሪያ አውጪ፣ ጠብታ ዘይት ጣል አድርጊና ተይው ይጠጣ፣ ከዚያ መፍቻውን አቁመሽ በመዶሻ መታ መታ አድርጊው፤ ከመፍታትሽ በፊት ደግሞ ትንሽ አጥብቂው፣ ዝገቱ የሚሰበረው ያኔ ነው። ጥርሱ የተበላውን ደግሞ የፀጉር ላስቲክ በመካከል አድርገሽ ሞክሪ። ድንቄ ይህን ሰምታ ገባችና ስፌት የምትሰፋበትን ወስፌ ይዛ መጣች። ኢናቭ ወስፌውን አይታ ሳቀች፤ በረንዳው ላይ ከተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች። እናቲቱ በወስፌ ቀለሙን እየነቀሰች፣ ልጅቱ ዘይት እያንጠባጠበች ቀጠሉ። አንዱ ብሎን እሺ ብሎ እየጮኸ ይወጣል፤ ሌላው አሻፈረኝ ይላል፤ የባሰበትን ጣውላውን ከሥሩ በብረት ፈንቅለው ከነብሎኑ ይገነጥሉታል። የተነሣውን ጣውላ ድንቄ ተሸክማ ወደ ሳሎን ታስገባለች፣ ግድግዳውን ታስደግፋለች፤ እግረ መንገዷን ምድጃ ውስጥ ያለውን የሻባት ዳቦ ታያለች። ስለ ኪራይ አወሩ፣ ስለ ጎረቤት አወሩ፣ ክርያት አታ ስላለች አንዲት ዘመዳቸው ሠርግ አወሩ። ስለ ክንፉ አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም።

ድንቄ ግን ውስጧ እየነደደ ነበር። ቀለሙን በወስፌ ቆፍራ ባወጣች ቁጥር ሰውዬው በዓይኗ ይመጣባታል፤ ከሥራ ገብቶ፣ ልብሱን ሳይቀይር ሳይበላ፣ ብሎን በከንፈሩ ይዞ እየተንበረከከ። እንዲህ የደከመ ሰው በልጁ አፍ አሳሪ ተብሎ ይቅር? ልናገር ትላለች፤ ነውሩ ይይዛታል። ዝም ልበል ትላለች፤ ማክሰኞ ይመጣባታል። ሰማንያ የሚጠጋቸው ቄስ እንኳ ለጦርነቱ ከተጠሩበት ሠራዊት መለስ በሚሉ ወጣቶች እየተደገፉ መቃብሩ ላይ ይጸልዩለታል፤ አንዲት ልጁ ግን የለችም። ሰው ከሞተ በኋላ ምን አለው? ያለው ስሙ ነው፤ ስሙ ደግሞ ልጁ አፍ ውስጥ ነው ያለው። ድንቄ ይህን ስታስብ ወስፌው ተንሸራቶ አውራ ጣቷን ወጋት፣ ጣቷን መጥጣ ሥራዋን ቀጠለች።

ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ። ከሥራቸው ባለው ፎቅ የምትኖረው አዲና ነች፣ ባሏ የሞተባት ሮማኒያዊት፣ በአንድ እጇ ምርኩዟን በሌላው የልብሷን አንገት ይዛ። አልተቆጣችም፤ በጣቷ ወደ በረንዳው አመለከተችና «ድንቄ፣ ዕረፍት» አለች። በዚህ አገር ከቀትር በኋላ ሰው ጋደም የሚልበት ሰዓት አለ፤ በዚያ ሰዓት መሰርሰሪያ ያስጮኸ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ዓመት ይኳረፋል። ድንቄ ይቅርታ ጠየቀቻት፣ ዳቦው ሲበስል ቁራሽ እንደምታወርድላትም ነገረቻት። ማቭሬጋው ወደ ቦርሳው ተመለሰ። ድንቄ ከኩሽናው ቁም ሣጥን ሥር የክንፉን አሮጌ መፍቻዎች አወጣች፤ እጀታቸው በፕላስተር የተጠቀለለ ነው። አንዱን ለልጇ ሰጠቻት፣ አንዱን ራሷ ያዘች፣ ፊት ለፊት ተንበርክከው በእጃቸው ይታገሉት ጀመር።

«ጠዋት በስልክ ያልሽውን ሰምቻለሁ» አለች ድንቄ፣ ዓይኗን ከብሎኑ ሳታነሣ።

ኢናቭ እጇ ቆመ። «ኢማ፣ እኔ ላንቺ አዝኜ ነው እኮ። አንቺን ክፉ አልተናገርሁም።»

«እኔን ብትናገሪኝ ይሻለኝ ነበር። አባትሽ አላስወጡኝም። ራሴ ነኝ የወጣሁት። በእናቴ ሕግ ነው የወጣሁት፣ እሳቸው የሉበትም።»

ድንቄ ባሏን በሕይወቱም በሞቱም አንቱ ነው የምትለው። ኢናቭ ደግሞ በልጅነቷም አሁንም አንተ ነው የምትለው፤ የዚህ አገር ልጅ አንቱ አያውቅም። «ቤሰደር፣ ኢማ» አለች። ይህቺ ቤሰደር እሺ ማለት አይደለችም፤ በቃ ተይው ማለት ነች። ግን አላስቻላትም፤ ተናገረች። የእናቷ ዘመን ሴቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው፣ ባሎቻቸውን ይሸፍናሉ። እሷ ልጅ ብትሆንም ዓይን ነበራት። ሳህኑን ደፍ ላይ አስቀምጦ እጁን ሲሰበስብ አይታለች። ማታ ማታ መስታወቱ በር ሥር ፍራሽ አንጥፎ ይተኛ ነበር፤ እናቷ እንዳትገባ ሲጠብቅ። ኢናቭ ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄድ በላዩ ተራምዳ ነበር የምታልፈው። ትምህርት ቤት ቤተሰባችሁን ሣሉ ሲባሉ እናቷን ከቤቱ ውጭ ሥላ፣ መምህሯ ‹ይህቺ ለምን ውጭ ሆነች?› ብትላት የምትለው ጠፍቷት አልቅሳለች።

«እንዳልገባ?» አለች ድንቄ፣ መፍቻውን አስቀምጣ። «እንዳልገባ ነው ያልሽው? ልጄ፣ እኔ እኮ ፈሪ ነበርሁ። አገሩ አዲስ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን፣ ወደቡ ሌሊት መርከብ በጮኸ ቁጥር ልቤ ልትወጣ። እሳቸው ፍራሻቸውን አምጥተው ከበሩ ወዲያ ተኙ። መስታወቱን ትንሽ ገርበብ አድርገን ስናወራ ነው የምናድረው። ስለ ከብቶቻችን፣ ስለ ሞቱት ሰዎች፣ አንቺ በቀኑ ስላጠፋሽው ጥፋት። ይጠብቁኝ ነበር፣ እውነትሽን ነው። እንዳልፈራ ነበር የሚጠብቁኝ። ያን ሳምንት ደግሞ ሽሮሽን ማን ይሠራው ነበር? ፀጉርሽን ማን ያበጥርልሽ ነበር?»

«ያመኝ ነበር ሲያበጥረኝ» አለች ኢናቭ፤ ድምጿ ግን ትንሽ ላላ።

«ወንድ ልጅ ምን ያውቃል። በየወሩስ ባሕር ይዘውሽ አይወርዱም ነበር? በቆሎ ይገዙልሽ አልነበር? እኔ እኮ ነኝ ሰባቱ ቀን ሞልቶ ባሕሩ ውስጥ የምጠልቀው፤ እዚህ ወንዝ የለም። ስወጣ እንድታገኚኝ ነበር የሚያመጡሽ። ወደ እኔ ስትሮጪ እሳቸው ከኋላ ጫማሽን ይዘው ይመጣሉ።»

ኢናቭ ባሕሩን አየች። አሁንም ከበረንዳው ይታያል፣ ከሕንፃዎቹ መካከል ትንሽ ግራጫ ቁራጭ። በቆሎውን ታስታውሰዋለች፣ ጨዉ ከንፈሯን ሲያቃጥላት፤ እናቷ ርጥብ ሆና ስታቅፋት ቅዝቃዜዋን ታስታውሰዋለች። ከበረንዳው ጋር አያይዛው ግን አታውቅም፤ ያ ደስታ ነበር፣ ይህ ደግሞ ኀፍረት፤ ሁለቱን ለየብቻ ነበር ያስቀመጠቻቸው። ራሷን ነቀነቀች። «አንድ ነገር ግን አለ» አለች። «አንድ ሌሊት በጣም አሞኝ ነበር፣ አተኩሶኝ። ተሸክሞኝ መጣና እዚህ መስታወት ላይ አስጠግቶ አንቺን አሳየኝ። ከወዲያ ቆመሻል፣ እጄን ስዘረጋ መስታወቱ ነካኝ። እማዬ እያልሁ ስጮህ በሩን አልከፈተውም። አሳይቶኝ መልሶ ወሰደኝ። ይህን እንዴት ነው የምረሳለት?»

ድንቄ እስካሁን የተናገረችው ቀላሉን ነበር። ኢናቭ ይህን ሌሊት የምታስታውስ አልመሰላትም፤ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። እዚህ ጋ ዝም ብትል ልጅቱ ነገሩን በግማሽ ታምናለች፣ ምናልባት ትንሽ ለአባቷ ትራራለች፣ ከእናቷ ጋርም እንደነበሩ ይኖራሉ። ኢናቭ በየዓርቡ የምትመጣው፣ ክኒኗን የምትቆጥርላት፣ ክረምት ሲመጣ ማሞቂያ ገዝታ ያመጣችላት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምታናግራት የተገፋች እናት አለችኝ ብላ ነው። ድንቄ ይህ ዛሬ ነው የገባት። እውነቱን ከተናገረች ይህ ሁሉ ይሄዳል፤ ለስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ዝም ካለች ክንፉ መቃብሩ ውስጥ ያችን የምትጮህ ልጅ ከእናቷ እንደነጠቀ ይቀራል። ፈራች። በጣም ፈራች።

«በሩ አልተቆለፈም ነበር» አለች። «ገርበብ ብሎ ነበር። አባትሽ አንቺን ለኔ ነው ያሳዩኝ እንጂ እኔን ላንቺ አይደለም። ‹ልጅቱ እየነደደች ነው፣ እባክሽ ግቢና እቀፊያት፣ ኃጢአቱ በኔ ይሁን› አሉኝ። ረቢው የፈቀደውን ነገሩኝ። ለመኑኝ። አለቀሱ፣ አባትሽ ሲያለቅሱ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁ። እኔ ነኝ እንቢ ያልሁት። ኋላ ተሸክመውሽ በእግራቸው ሐኪም ቤት ወረዱ።»

«እንቢ አልሽ» አለች ኢናቭ።

«እንቢ አልሁ።»

ከዚህ በኋላ ድንቄ የምትለውን ሁሉ አለች፤ አንድ ጊዜ ከተከፈተ አይቀር። እዚህ አገር ሲደርሱ ሁሉን ነገር እንደወሰዱባቸው ነገረቻት፤ ልብሳቸውን ቀየሩላቸው፣ ስማቸውን ቀየሩላቸው፣ ቄሶቻቸውን ቄስ አይደላችሁም አሏቸው፣ አይሁድነታቸውን እንኳ ጠረጠሩት። ከእናቷ የያዘችው አንድ ነገር ነበር እጇ ላይ የቀረ፤ እሱን ከለቀቀች ማን እንደምትሆን አላወቀችም። ያን ሌሊት ከመስታወቱ ወዲያ እያለቀሰች ነበር የቆመችው፣ እግሯ ግን አልሄደም። ዛሬ ቢሆን ትገባ ነበር ወይ? አላውቅም አለች፤ መዋሸት አልፈለገችም። ኢናቭ ራሷ ለአካለ መጠን ስትደርስ እሷንም ወደ በረንዳው ልታወጣት ፍራሽ አዘጋጅታ ነበር። ክንፉ በትዳራቸው አንድ ጊዜ ብቻ የጮኸባት ያኔ ነው። ልጄን አትነኪብኝ አለ፤ ፍራሹን በገዛ እጁ ሰብስቦ አወረደው። ከዚያ ወር ጀምሮ እሷም መውጣቱን ተወችው።

ኢናቭ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲዘጋ ተሰማ፣ ከዚያ ውኃ ሲፈስ፣ ከዚያ ምንም። ድንቄ መፍቻውን አነሣች። ብሎን ላይ አቆመችው፣ በመዶሻ መታ አደረገችው፣ ትንሽ አጠበቀችው፣ ከዚያ በሁለት እጇ ወደ ግራ ታገለችው። እንቢ አለ። ሌላ ሞከረች። ዳቦው መድረሱ ከሽታው ታወቃት፤ ሄዳ ምድጃውን ዘግታ ተመለሰች። የመታጠቢያ ቤቱን በር አላንኳኳችም። ልጅቱ ቦርሳዋን አንሥታ የምትሄድ ከሆነም እንግዲህ ትሂድ ብላ ልቧን አጸናች፤ ከውጭው በር በኩል ኮቴ ይሰማኝ ይሆን ብላ ግን ጆሮዋን ጥላ ነበር። አራት ጣውላ ሲቀር፣ ከሥሩ የበረንዳው ነጭ ሸክላ ሠላሳ ዓመት ፀሐይ ሳያየው ተገልጦ፣ ኢናቭ በሩ ላይ ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

«ሲታመም ውኃ ሰጥቼዋለሁ» አለች። «ሆስፒታል አድሬለታለሁ። ሁሉን አድርጌ ፊቱን ግን አላየውም ነበር። ‹ምን አጠፋሁ ልጄ?› አለኝ አንድ ቀን። ‹ምንም፣ አባ› አልሁት። አወቀ እኮ። አንድ ነገር እንዳለ አውቆ ነው የሞተው። አሁን ለማን ነው ይቅርታ የምለው?»

ድንቄ ይህን አታውቅም ነበር። ክንፉ ለሷ አልነገራትም፣ ለልጁም እውነቱን አላወጣም፤ ሚስቱን ላለማሳጣት ይሁን ልጁን ላለመጫን፣ ይዞት ሄዷል። «ለሳቸው አይደርስም እንግዲህ» አለች፣ እንባዋን ሳትጠርግ። «የሚቆጡት ሰው ከፈለግሽ ግን እኔ በሕይወት አለሁ። ይኸው ነኝ።»

ኢናቭ ተቆጣች። በዕብራይስጥ ጀመረችው፣ በዚያ ትምህርት ቤት በተማረችው ጥርት ባለ ዕብራይስጥ፤ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ መምህሯ፣ ጓደኛ ቤት አምጥታ ስለማታውቅበት ምክንያት፣ ስድስት ዓመት ስላልሄደችበት መቃብር። የሕግ ሴት ነኝ ብለሽ ልጅሽን ለትኩሳት ሰጠሽ አለቻት። ሠላሳ ዓመት ሳዝንልሽ አፍሽን ዘግተሽ ሐዘኔን በላሽ አለቻት። አዲና ከሥር ዕረፍቷ ተበጥብጦ ሁሉን ሰምታለች መቼም፤ በሩን ግን አላንኳኳችም። ከዚያ ዕብራይስጡ አለቀባትና ወደ አማርኛ ዞረች፤ አማርኛዋ የልጅ አማርኛ ነው፣ ቃሉ ጥቂት ነው፣ ያንኑ ነው የምትደጋግመው። ለምን አልገባሽም። ለምን አልገባሽም እማ። ድንቄ ሕጌ ነው አላለችም፣ ዘመኑ ነው አላለችም። ባዶው ሸክላ ላይ በጉልበቷ እየተንፏቀቀች ሄዳ እግሯን ያዘቻት፣ ወደ ታች ሳበቻት፣ አቀፈቻት። ኢናቭ በክርኗ ገፋቻት። እንደገና አቀፈቻት። እንደገና ገፋቻት።

«ተቆጪ» አለቻት ድንቄ፣ ለሦስተኛ ጊዜ እየያዘቻት። «ተቆጪ፤ እኔ ወዴትም አልሄድም።»